በድሬዳዋ ፈረንጅ ውሻ ማራባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳቢያንም ሆነ ከዚራ፣ ሴት ጀርመን ሼፐርድ ያለው ግቢ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ወንድ ይፈልግላታል፤ ቡችላ ገዢ አያጣምና። ከጎረቤት ጎረቤት የሚዞሩት አንዳንድ ምክሮች ግን እናቲቱንም ቡችሎቹንም ይገድላሉ።

«መልኩ ካማረና ወረቀት ካለው ለዘር ይሆናል»

ወረቀት የሚናገረው ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ትልቁ ችግር በዘር የሚተላለፈው የዳሌ ጉድለት ነው፦ የጭን አጥንቱ ራስ ጉድጓዱ ውስጥ አጥብቆ አይቀመጥም፣ ይላላል፣ ይፋተጋል፤ ዕድሜው ሲገፋ ውሻው ከተኛበት ለመነሳት ይቸገራል። በወጣትነቱ አምሮ የሚሮጥ ውሻ ራጅ ሲነሳ መጥፎ ዳሌ ሊገኝበት ይችላል። ኦ ኤፍ ኤ የተባለው የአሜሪካ ተቋም የመጨረሻውን የዳሌ ደረጃ የሚሰጠው 24 ወር ለሞላው ውሻ ብቻ ነው። ራጅ ማንሳት ካልተቻለ ቢያንስ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ የሚያነሳውን፣ ደረጃ መውጣት የሚፈራውን፣ ያለምክንያት የሚናከሰውን ለዘር አለማዋል ነው። ጠባይም ይወረሳል።

«እናትን ከልጇ ማስጠቃት ዘሩን ያጠራል»

እናት ከልጇ ወይም ወንድም ከእህቱ ሲጠቁ የቡችሎቹ የዝምድና መጠን፣ ማለትም ከእናትም ከአባትም ያንኑ አንድ ዘረመል የመውረስ ዕድላቸው፣ 25 በመቶ ይሆናል፤ በአንድ ወገን ብቻ ለሚገናኙ እኅትና ወንድም 12.5 በመቶ ነው። በሁለቱም ወላጆች ተደብቆ የኖረ በሽታ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የሚወለዱት ቁጥርም ያንሳል። ውሾቹ ከጥቂት ቤቶች በሚመጡበት ከተማ ባለቤቶቹ ሳያውቁ እኅትና ወንድም ይገናኛሉ። ስለዚህ እስከ አያት ድረስ ጠይቆ በደብተር መመዝገብ ግድ ነው።

«አንዴ ከሀበሻ ውሻ ከወለደች ዘሯ ተበላሸ»

የቀደመው ወንድ በሚቀጥለው ወሊድ ላይ ምንም ድርሻ የለውም። ነገር ግን በአንድ የደም ወቅት ውስጥ ሁለት ወንዶች ካገኟት ቡችሎቹ የሁለት አባት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ደም ካየችበት ቀን ጀምሮ 3 ሳምንት ያህል በር መዝጋት ነው። በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ ነው፦ በግንኙነት የሚተላለፍ፣ ብልት ላይ የአበባ ጎመን መስሎ የሚደማ እጢ አለ። ከማስጠቃት በፊት ሁለቱንም ሐኪም ይያቸው።

«በመጀመሪያው ደሟ ካልተጠቃች ትታመማለች»

አትታመምም። የመጀመሪያው ደም ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲመጣ ሰውነቷ ገና እያደገ ነው። 2 ዓመት ይሙላት።

«ያረገዘች ውሻ የካልሲየም እንክብል ያስፈልጋታል»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ሲበዛባት፣ ካልሲየምን ከአጥንት የሚያስወጣውን ሆርሞን የሚያመነጩት የአንገት እጢዎች ሥራ ይፈታሉ። ከወለደች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ወተቷ ሲበዛ የደሟ ካልሲየም በድንገት ይወርዳል፤ እጢዎቹም አይደርሱላትም። መጀመሪያ ትቅበጠበጣለች፣ ታለከልካለች፤ ከዚያ እግሯ ይገተራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በድሬ «ሙቀቱ ነው» እየተባለ ውሃ ሲፈስባት ጊዜ ይባክናል። ቡችሎቹን ወዲያው ከጡት ለይቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል፤ ካልሲየሙ በደም ሥር፣ የልቧ ምት እየታየ፣ በዝግታ ይሰጣታል። ለመከላከል ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ምግቧን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግና ወደ ቡችላ ምግብ መለወጥ ይበቃል።

ጆሮው እንዲቆም ተብሎ ለቡችላ የሚሰጠው ካልሲየምም እንዲሁ ነው። የትልቅ ዝርያ ቡችላ አንጀት ትርፉን መመለስ ስለማይችል አጥንቱ ይጣመማል። ጆሮው በ4 እና በ6 ወር መካከል፣ ጥርስ ሲለውጥ አንዳንዴ ወድቆም ቢሆን፣ ራሱ ይቆማል።

«ውሻ ብቻዋን ትወልዳለች»

ብዙ ጊዜ አዎ። የሰውነቷ ሙቀት ከ37 ዲግሪ በታች ሲወርድ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጠበቃል። 30 ደቂቃ በኃይል አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም ቡችላ እየቀረ በመሃል ከ2 ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ሐኪም ይጠራ።

«ድሬ ሙቅ ነው፣ አራስ ቡችላ አይበርደውም»

አዲስ የተወለደ ቡችላ አይንቀጠቀጥም፣ ሙቀቱንም አይቆጣጠርም። በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢው ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። የታኅሣሥ ሌሊት ከዚህ በታች ነው፤ ሐረር ደግሞ ይብሳል። በግንቦት ቀትር ግን ቆርቆሮ ሥር ያለው ሳጥን ምድጃ ስለሚሆን እናቲቱ ጥላ ፍለጋ ጥላቸው ትሄዳለች። ማሞቂያ ሲያስፈልግ በሳጥኑ አንድ ጎን ብቻ ይደረግ፤ የሞቀው ቡችላ እየዳኸ ይሸሽ። በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ መመዘንም ይረዳል፦ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ክብደት የሚቀንስ ቡችላ ታሟል ወይም ጡት አልደረሰውም።

«በወሩ መሸጥ ይቻላል»

ቢያንስ 8 ሳምንት ይቆይ፤ ከእኅትና ወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው አለመናከስ የሚማረው። የሆድ ትል መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት ከእናቱ ጋር ይወስዳል፤ ትሉ ከእናት ማህፀንና ወተት ይተላለፋል፣ ሕፃናትንም ይይዛል። ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት ቡችላ ገዳይ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል፤ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ሊያከሽፍ ይችላልና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቱ ነው። ሻጩ እነዚህን ቀኖች የያዘ ካርድ ይስጥ፤ ገዢው ማሳደግ ቢያቅተውም ውሻውን መልሶ ይቀበል።