የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርትና የወላጅ ድርሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጁን ቫዮሊን ወይም ፒያኖ ለማስተማር ያሰበ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መምህሩ ብቃት፣ ስለ ክፍያውና ስለ መሣሪያው ዋጋ ነው፤ የራሱን ድርሻ ግን ልጁን አድርሶ ከመመለስ ያለፈ አድርጎ አያየውም። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ (ከ1898 እስከ 1998 እ.ኤ.አ.) የመሠረተው የማስተማር ዘዴ በአንጻሩ ልጁን፣ መምህሩንና ወላጁን እንደ ሦስት ጉልቻ ያያቸዋል፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይጣድም። ልጄን በዚህ ዘዴ ሳስተምር ከሌሎች ወላጆች የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ አምኜባቸው የነበሩትን አመለካከቶች ከዚህ በታች አነሣለሁ።

«እኔ ሙዚቃ ስለማላውቅ ልጄን ልረዳ አልችልም»

ብዙ ወላጅ ገና ከበሩ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ አስተሳሰብ ስለሆነ በቅድሚያ መታረም ይኖርበታል። በሱዙኪ ዘዴ ወላጁ ሙዚቀኛ ሆኖ እንዲመጣ አይጠበቅም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ የሚማረው እሱ ነው። እናት ወይም አባት የቫዮሊን አያያዝንና የመጀመሪያውን ቀላል ዜማ ይለማመዳሉ፤ ልጁም አጠገባቸው ሆኖ ይመለከታል። ወላጁ የሚሠራውን ለመሥራት የማይጓጓ ሕፃን ስለሌለ፣ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ልጁ ራሱ «ለእኔም ስጡኝ» ማለት ይጀምራል። ትንንሾቹ ጀማሪዎች ደግሞ እውነተኛውን መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት በካርቶን ቫዮሊን አቋቋም ይለማመዳሉ። የእኛን የሠራሁት ከባዶ የሻይ ቅጠል ካርቶን ነበር፤ የእንጨት ማስመሪያ በፕላስተር አጣብቄ አንገት አደረግሁለት፣ ልጄም በግራ ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ በአገጯ እንደ ያዘችው፣ እጇን ለቃ እስከ አሥር ስትቆጥር ሳይወድቅ በመቆየቱ የተሰማት ደስታ እስካሁን አይረሳኝም።

በዚያው ሰሞን እኔም ደጋን (የቫዮሊኑን መምቻ) መያዝ ስለማመድ ትንሿ ጣቴ እየተገታተረች አስቸግራኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የልጄ ጣት ሲገታተር «ስንት ጊዜ ልንገርሽ» ማለቱን ተውኩት። ወላጁ ቀድሞ እንዲማር የሚደረግበት ዋናው ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ አዋቂው የነገሩን ክብደት በገዛ እጁ ያውቀዋል። መምህሩ ልጁን የሚያገኘው በሳምንት ምናልባት ለግማሽ ሰዓት ሲሆን፣ የቀሩት ስድስት ቀናት የቤቱ ናቸው፤ ስለዚህ ወላጁ በትምህርቱ ሰዓት ተቀምጦ ማስታወሻ መያዝ ይኖርበታል።

«ሙዚቃ በዘር የሚወረስ ነው»

የሱዙኪ አባት የቫዮሊን ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ፤ ይሁንና ልጁ ቫዮሊን መጫወት የጀመረው ወደ 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የታዋቂውን ቫዮሊኒስት የሚሻ ኤልማንን የሸክላ ቅጂ ሰምቶ በመደነቁ ነው። በኋላ በርሊን ሄዶ ከጀርመናዊው ቫዮሊኒስት ካርል ክሊንግለር ዘንድ ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንድ የ4 ዓመት ልጅ እንዲያስተምር በተጠየቀ ጊዜ፣ ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ዘዴ ሲያሰላስል አንድ ግልጽ ነገር አስተዋለ፦ የጃፓን ሕፃናት ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራሉ። ያ ተማሪ ቶሺያ ኤቶ ሲሆን፣ ካደገ በኋላ ታዋቂ ቫዮሊኒስትና መምህር ሆኗል። ዘዴው «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚል ስያሜ ያገኘውም፣ ሕፃናት ቋንቋን እየሰሙ እንደሚማሩ ሁሉ ሙዚቃንም ሊማሩ ይችላሉ ከሚለው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

በልጆች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ቶሎ ይይዛል፣ ሌላው ይዘገያል። ነገር ግን በዋሽንግተን ወይም በሮም አካባቢ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ልጁ አማርኛ የሚችለው ደሙ ሐበሻ ስለሆነ ሳይሆን ቤት ውስጥ በየቀኑ ሲነገር ስለሚሰማ ነው፤ ካልሰማ ደግሞ ወላጆቹ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸው ብቻውን ቋንቋውን አይሰጠውም። ልጁ የሚማራቸው ዜማዎች በቅጂ በየቀኑ ቤት ውስጥ እንዲደመጡ የሚመከረውም ስለዚህ ነው፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

«ኖታ ሳያነብ የተማረ፣ ተማረ አይባልም»

ልጅ ፊደል የሚቆጥረው መናገር ከቻለ በኋላ እንደሆነ ሁሉ፣ በዚህ ዘዴም ኖታ የሚመጣው ጆሮና እጅ ከተገሩ በኋላ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የዜማ ቤት ተማሪም ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ይይዛል። ሆኖም ኖታው ከመጠን በላይ ከዘገየ፣ በጆሮው የለመደ ልጅ ማንበብ ይሰለቸዋልና ወላጁ ጊዜው ሲደርስ መምህሩን ሊጠይቅ ይገባል።

«ሞዛርት የሚሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል»

የዚህ ወሬ መነሻ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሲሆን፣ የተጠኑት የኮሌጅ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ የታየውም ለውጥ በአንድ ዓይነት ፈተና ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የቆየ ነው።

«መሣሪያው እንደ ጫማ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይገዛ»

የቫዮሊን መጠን 1/16፣ 1/8፣ 1/4 እየተባለ በልጁ ክንድ ርዝመት ይመረጣል። የሰፋ ቫዮሊን ትከሻን ያስጨንቃል፣ ጣትንም ያለቦታው ያስኬዳል፤ የሚከራይበት ቦታ ካለ መከራየቱ ይሻላል።

«መሳተፍ ማለት መቆጣጠር ነው፤ ብዙ ሰዓት የተለማመደም ይበልጣል»

እዚህ ላይ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አንድ ምሽት ልጄ አንዲት አጭር ዜማ እየተጫወተች ሳለ በአንድ ትንፋሽ ክርንሽን፣ ጣትሽን፣ እግርሽን፣ ደጋንሽን እያልኩ አራት ነገር አረምኳት። ምንም ሳትመልስልኝ ቫዮሊኑን ሶፋው ላይ አኑራ ወጣች፤ ለሦስት ቀንም አልነካችውም። መምህሯ ጉዳዩን ስነግራቸው የመከሩኝ፣ ለአንድ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥና ያ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ሌላውን አይቼ እንዳላየ እንድሆን ነው። ክርኑን ስንመርጥ ስለ ክርኑ ብቻ ተነጋገርን፤ በሳምንቱ መጨረሻ እግሯ ማንም ሳይናገር ተስተካክሎ ነበር።

የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ ለአንድ ሰዓት ቆሞ እንዲለማመድ ማስገደድ ጥላቻን መትከል ነው። አምስት ደቂቃ ጠዋት፣ አምስት ደቂቃ ከእራት በፊት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሲሆን፣ ከቅዳሜ የአንድ ሰዓት ትግል ይልቅ ፍሬ ያፈራል።

«ወላጅ አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ ራሱን አይችልም»

የወላጁ ድርሻ ከልጁ ዕድሜ ጋር እየቀነሰ እንዲሄድ የታሰበ ነው። በመጀመሪያ ወላጁ እጁን ዘርግቶ የልጁን ደጋን ይደግፋል፤ ቀጥሎ ወንበር ስቦ ያዳምጣል፤ ከዚያም ምን እንደሚለማመድ ልጁን መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። ልጄ አሁን 11 ዓመቷ ነው፣ የትምህርቱን ማስታወሻ የምትይዘው ራሷ ናት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ፤ የምትጠራኝም አስቸጋሪው መስመር ላይ ስትደርስ፣ «እስቲ ይህቺን ስሙልኝ» ለማለት ብቻ ነው።