«አብሽር» የማይሸፍነው፦ የፊልምና የቪዲዮ ቀረጻ ኢንሹራንስ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ

ደሴ ላይ ቀረጻ ወጥቶ ስለ ኢንሹራንስ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ያው ነው። አብሽር። ካሜራው አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ አብሽር። አባዱላው በጉም የሐረጎን ቁልቁለት ሊወርድ ነው፤ አብሽር። ላይትማኑ የሰው ጣራ ላይ ወጥቷል፤ አብሽር፣ ልምድ አለው። ቃሉን እወደዋለሁ፣ የሰው ልብ ያሳርፋል። ካሳ ግን አይከፍልም።

የቀረጻ ኢንሹራንስ የሚባለው የብዙ ሽፋኖች ጥርቅም ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ በጥቅል ይሸጣል። ዋናው ተዋናይ ቢታመም የሚባክነው ቀን፣ የተቀረጸው ፋይል ቢበላሽ ዳግም የመቅረጫው ወጪ፣ ካሜራና መብራት፣ አልባሳትና ቁሳቁስ፣ በሰው ንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ይገባል። ዋጋው እንደ ሥራው ይለያያል፤ ፕሮዲዩሰሮች በጀት ሲያወጡ ግን ብዙ ጊዜ 3 ከመቶ አካባቢ ይይዙለታል። ትልልቅ ፊልሞች በዚያ ላይ የማጠናቀቂያ ዋስትና ይጨምራሉ። ይሄኛው ፊልሙ በተባለው ጊዜና በጀት ተሠርቶ እንደሚያልቅ ለባንኩና ለአከፋፋዩ የሚሰጥ ቃል ነው፤ ሥራው ከተበላሸ ዋስትና የሰጠው ድርጅት ራሱ ገብቶ ዳይሬክተር እስከ መቀየር ይደርሳል።

እኛ ጋ ቢሮ ገብታችሁ «የፊልም ኢንሹራንስ ፈልጌ ነበር» ብትሉ ልጅቷ ከኮምፒዩተሯ ቀና ብላ «መኪና ነው?» ትላለች። ደርሶብኛል። አልፈርድባትም፣ ቀኑን ሙሉ የሚመጣላት የመኪና ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ከሚሸጡት ሽፋኖች ለቀረጻ የሚሆነውን እየቆረጡ መስፋት ነው። ሕጉ አለ። ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 እና በማሻሻያው። ውሉን ግን ዛሬም የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑን ክፍል አልነካውም።

ሁሉም ሰው ከካሜራው ይጀምራል። እኔም እንደዛው ጀመርኩ፣ ስህተቴን እዚያው አገኘሁት።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ የሰርግ ሥራ ጨርሰን ምሳ ገባን። የሌንሱ ቦርሳ አባዱላው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሾፌሩ «እዚሁ ነኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ሊታጠብ ገባ፤ ሽታው ጠርቶት ይሆናል፣ ተቀመጠም። ስንወጣ ቦርሳው የለም። በሩ ደህና ነው፣ መስታወቱም ደህና ነው። ፖሊስ ጋ ሄድን፣ ማስረጃ ያዝን፣ ኢንሹራንስ ያለን ስለሆነ እንደውም ትንሽ ተኩራርተን ነበር። ጉዳዩን የያዘው ሰው ፎቶውን አገላብጦ አየና «የተሰበረ ነገር የታለ?» አለ። የገዛነው የስርቆት ሽፋን የሚከፍለው ሌባው ሰብሮ ሲገባ ነው። የኛ ሌባ በሩን ከፍቶ ነው የገባው። ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ ሰነድ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ያነበበው ግን አልነበረም።

ለዕቃ የሚሻለው ኦል ሪስክ የሚባለው ነው። ቢወድቅም፣ ቢሰበርም፣ ቢሰረቅም ይሸፍናል፤ ያልተካተተው በዝርዝር ይጻፋል። ያ ዝርዝር ነው መነበብ ያለበት። ጠባቂ በሌለበት መኪና ውስጥ የቀረ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። በአገልግሎት ብዛት ያረጀም እንደዚሁ። ከየካሳው ላይ ደግሞ መድን የገባው ሰው ራሱ የሚችላት ተቀናሽ አለች፣ ኤክሰስ የምትባለው።

ሌላው ወጥመድ የዋጋ ነው። ካሜራችሁ 600,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ዓረቦን ለመቆጠብ 300,000 ነው ብላችሁ አስመዘገባችሁ እንበል። ወድቆ ጥገናው 100,000 ቢመጣ የሚከፈላችሁ 100,000 አይደለም፣ 50,000 ነው። ግማሹን ስላስገባችሁ ግማሹን። ከሱ ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ይሄ ነገር ሳናውቀው ሁላችንም ላይ ደርሷል። በብር የተገዛው ሌንስ ዋጋው ሽቅብ ሄደ፣ ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር ባለበት ቀረ። ስታሳድሱ ዕቃውን ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ አስተካክሉት። አዲስ ፕሮፎርማ ማምጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መንገዱም አለ። ከበድ ያለ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው በኪራይ የሚመጣው፤ 400 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ መጨረሻ ላይ ሐረጎን ወጥቶ። የመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ የሚያየው መኪናውን ነው። ውስጡ የተጫነው መብራት የመኪናው አካል ስላልሆነ የጉዞ ሽፋን ለብቻው ይፈልጋል። የተከራያችሁት ዕቃ ከሆነም ማን እንዳስገባው ቀድማችሁ ጠይቁ። «ኢንሹራንስ አለው» ሲሏችሁ አከራዩን የሚክስ ነው፤ ኩባንያው ለሱ ከከፈለ በኋላ ወደ እናንተ ዞሮ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው። ካሜራ ቢሰበር የሚያልቀው ገንዘብ ልኩ ይታወቃል፣ የካሜራው ዋጋ ነው። ሰው ሲጎዳ ግን ልክ የለውም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ጉዳቱ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ፣ የጡረታ ዋስትና ለሌለው ሠራተኛ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቡድኑ የሚሰባሰበው በስልክ ነው። «ነገ ጠዋት ፒያሳ፣ 12 ሰዓት፣ ሁለት ቀን ነው» ይባላል፤ ውል የለ፣ ስም ዝርዝር የለ። ልጁ ከሁለት ሜትር ተኩል መሰላል ላይ ቢወድቅ አሠሪው ማነው? ደውሎ የጠራው ካሜራማን? ፕሮዲዩሰሩ? ክሊፑን ያዘዘው ዘፋኝ? ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ።

ለዚህ ሁለት ነገር ይሸጣል። አንዱ የአሠሪውን ኃላፊነት የሚሸፍነው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ነው። ሌላው የቡድን የግል አደጋ ሽፋን ነው፤ የማን ጥፋት ነው ሳይባል ለሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለሕክምና የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ሁለተኛው ለኛ ዓይነት ሥራ ይመቻል። የሚፈልገው ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ማዘጋጀቱ ራሱ ጥቅም አለው፣ ማን ማንን እንደቀጠረ እዚያው ላይ ይለያል።

«ቅሬ አለን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሌላው ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ሰው ሲሞት ቀብሩን ይዞ፣ ለቅሶውን ይዞ፣ ቤተሰቡን አቅፎ የሚቆም ነው። ጓደኛ ሲጎዳም እናዋጣለን። አንድ ሰሞን ለአንድ ልጅ አዋጥተን የሆስፒታሉን ከፈልን። ስድስት ወር ሙሉ መሥራት አልቻለም፣ የስድስቱን ወር የቤት ኪራይ ግን ያዋጣ አልነበረም። ያኔ ሁላችንም ሌላ ሥራ ላይ ነን።

ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰውም አለ። ይሄን የሚይዘው የሕዝብ ኃላፊነት ሽፋን ነው። ኬብል ጠልፎት የወደቀ ሽማግሌ፣ በጄኔሬተር ጭስ የጠቆረ የሰው ግድግዳ፣ በክሬን የተመታ በረንዳ። ኮምቦልቻ ይሄ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ሥራ የፋብሪካ ማስታወቂያና የድርጅት ዘጋቢ ፊልም ነው። በ2009 ሐምሌ በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በሌሎቹ ፋብሪካዎች እናንተ የጣላችሁት የመብራት ስታንድ ማሽን ቢያቆም የሚጠየቀው የስታንዱ ዋጋ አይሆንም፣ የቆመው ምርት ነው። የውጭ ደንበኛ ደግሞ ገና ዋጋ ሳይነጋገር የኃላፊነት ሽፋን ማስረጃ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሥራ ሲያመልጥ አይቻለሁ።

ፈረስ የሚወድ ዳይሬክተርም ይጠንቀቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰውን እንስሳ ለራሱ ጥቅም ወስዶ የያዘ ሰው፣ እንስሳው በእጁ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ባለፈረሱ ዳር ቆሞ እያየ ነው፣ ፈረሱ በድሮን ድምፅ ደንብሮ ገበያ መሀል ይገባል፣ ተጠያቂው እናንተ። ድሮኑም ያለ ፈቃድ ከተነሳ የትኛውም ሽፋን አይደርስላችሁም።

የባከነ ቀንን በተመለከተ አጭር ነኝ፣ እዚህ የሚገዛ ነገር ስላላገኘሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ወርዶ እስከ ቀትር አልነሳም ሲል ወጪው የራሳችሁ ነው። ክረምቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ወሎ በልግም አለው። ሽፋኑ ባለበት አገር እንኳን ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊያም የዶን ኪኾቴን ታሪክ ስፔን ውስጥ መቅረጽ ሲጀምር በሁለተኛው ቀን ጎርፍ ዕቃውን ጠራረገው፤ የመሬቱም መልክ ተለውጦ ቀድሞ ከተቀረጸው ጋር አልገጥም አለ። ከዚያ ዋናው ተዋናይ ዣን ሮሽፎር ወገቡን ታሞ ፈረስ ላይ መቀመጥ አቃተው። ቀረጻው ተቋረጠ። ካሳው መጣ፣ የስክሪፕቱ መብት ግን ለዓመታት በኢንሹራንሶቹ እጅ ሆነ። ኮቪድ ሲመጣም ኩባንያዎቹ ወረርሽኝን ከፖሊሲ አወጡ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ቀረጻ እንዲጀመር በ500 ሚሊዮን ፓውንድ ራሱ ዋስ መሆን ነበረበት።

ጦርነትም ከመደበኛ ፖሊሲ ውጭ ነው። ይሄን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ የሆነችውን ሁላችንም እናውቃለን። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባል ሽፋን በተጨማሪ ዓረቦን ይገዛል። እሱም ቢሆን ሁከትን ይዞ ጦርነትን ሊተው ስለሚችል ቃል በቃል ይነበብ።

የመብት ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ። ውጭ ያሉ አከፋፋዮች ፊልም ሲረከቡ የስህተትና ግድፈት ሽፋን ይጠይቃሉ፤ በቅጂ መብት ወይም በስም ማጥፋት ክስ ቢመጣ የሚቆም ነው። አምባሰልና ባቲ ቅኝታቸው የሁሉም ነው። የተቀዳው ዘፈን ግን ባለቤት አለው፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ከባለቤቱ የተፈረመ ወረቀት ካልያዛችሁ ሽፋኑን የሚሸጥላችሁ የለም።

አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ፎቶ፣ ዕቃው ሳይነሳ። ስርቆት ወይም የመኪና አደጋ ከሆነ ፖሊስ። ለኩባንያው በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በስልክ የተነገረ ነገር ኋላ ላይ የለም። ገማቹ ሳያይ አለማስጠገን። ክርክር ከመጣም የይገባኛል ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ እንመለስበታለን» እየተባለ ሁለት ዓመት ቶሎ ያልቃል።

የኛ ቡድን አሁን የየዕቃው ሴሪያል ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የካሜራ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ሾፌሩ ምሳውን አባዱላው ውስጥ ይበላል። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፎን ነበር፣ አሁን ጥብሱን እናወጣለታለን።