ሊሰፋ የሚችል የመረጃ ቅርጸት ምንድን ነው?

አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት «ኩኪ እንድናስቀምጥ ይፈቅዳሉ?» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ ኩኪ ድረ ገጹ በመሣሪያችን ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ የመረጃ ፋይል ነው። ጥያቄው በኮምፒውተሮች መካከል በምን መልክ እንደሚጻፍ፣ መልሱም እንዴት እንደሚመዘገብ የሚደነግገው ሥርዓት የመረጃ ቅርጸት ይባላል። ቅርጸቱ ሊሰፋ ይችላል የምንለው፣ ነገ አዲስ ነገር ሲጨመርበት ዛሬ የሚሠሩት ፕሮግራሞች የማይሰናከሉ ከሆነ ነው።

ኤዲፒሲ የተባለውን የፈቃድ ጥያቄና መልስ መለዋወጫ ሥርዓት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 ኖይብ የተባለው የግላዊነት መብት ተሟጋች ድርጅትና በቪየና የኢኮኖሚክስና ንግድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ድረ ገጹ የፈቃድ ጥያቄዎቹን በጄሶን ፋይል፣ ማለትም መረጃን በቅንፎች ውስጥ ከየስሙ ጋር በሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቅርጸት፣ ይዘረዝራል፣ ብራውዘሩ ለተጠቃሚው ያሳያል፣ መልሱንም መልሶ ይልካል። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መለያና ከመለያው ጋር የተያያዘ ጽሑፍ አለው፤ በቃ። ይህ ቅለት የሚወደድ ነው፤ ማንም ድረ ገጽ ሠሪ በደቂቃዎች ይጽፈዋል። ነገር ግን ከመለያው ጋር የሚቀመጠው ተራ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ጀርመን ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ጥያቄውን በቋንቋው ማቅረብ ቢፈለግ፣ የመረጃው ተቀባይ ማን እንደሆነ መግለጽ ቢያስፈልግ የት ይገባል? በጽሑፉ ፈንታ መስኮች፣ ማለትም የየራሳቸው ስም ያላቸው የመረጃ ክፍሎች፣ የሚይዝ መዋቅር ቢቀመጥ ግን ዛሬ «ጽሑፍ» የሚል አንድ መስክ ብቻ ይኖረዋል፣ ነገ «ተቀባይ» ይጨመርበታል፤ አሮጌው ብራውዘር የማያውቀውን መስክ ዘልሎ ሥራውን ይቀጥላል። የዛሬው ልፋት ጥቂት ቅንፎች መጨመር ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ከመጀመሪያው መዋቅሩን እመርጣለሁ።

የማስታወቂያ ኢንዱስትሪው የሚጠቀምበት የአይኤቢ ዩሮፕ (የአውሮፓ የዲጂታል ማስታወቂያ ማኅበር) የፈቃድ ማዕቀፍ፣ ቲሲኤፍ፣ ሌላ መንገድ ይከተላል። ፈቃዱን በአንድ የፊደላት ሰንሰለት ይጨምቀዋል። የመጀመሪያዎቹ 6 ቢቶች (ቢት 0 ወይም 1 የሚጻፍበት አንድ ቦታ ነው) የእትሙን ቁጥር ይይዛሉ፤ ለመረጃ አጠቃቀም ዓላማዎች ደግሞ 24 ቦታዎች ተይዘዋል። በ2.0 እትም የነበሩት ዓላማዎች 10 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 2.2 እትም 11ኛው ሲጨመር ቦታው አስቀድሞ ተጠብቆለት ስለነበር የተቀረው አልተናጋም።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ቅርጸት ይሠራል። የፈቃድ ጉዳይ ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለውም ይህ ነው። አዲሱ መስክ «ይህ ፈቃድ ለአንድ ወር ብቻ» የሚል ገደብ ቢሆንስ? የማያውቀውን እንዲዘልል የተሠራው አሮጌ ፕሮግራም ገደቡን ይዘልላል፤ የሰውየውም ጠባብ «እሺ» ወሰን ወደሌለው «እሺ» ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ ፈቃድ ለተለየ ዓላማ በግልጽ የተሰጠ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ መግለጫ የሚሰጡ መስኮችና ፈቃድን የሚገድቡ መስኮች ከመጀመሪያው ተለይተው ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹን ያልተረዳ ፕሮግራም ይለፋቸው፣ ሁለተኛዎቹን ያልተረዳ ግን ፈቃድ እንዳልተሰጠ ይቁጠር።