የጂን «ተሸካሚ» ምንድን ነው?

«ተሸካሚ ነሽ ከተባልሽ በሽታው አለብሽ። መድኃኒትሽን በጊዜ ጀምሪ።» ሰሞኑን አንድ ሰው ለአንዲት እናት ይህን ሲመክር ሰማሁ። ልጇ ፒኬዩ የሚባል የዘር በሽታ አለበት። ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በነርስነት ሥራዬ ብዙ እናቶች ይዘውት መጥተዋል።

ስህተቱ ከቃሉ ይጀምራል። «የቫይረሱ ተሸካሚ» እያልን ስለኖርን፣ ተሸካሚ ሲባል የሚታየን ደም ውስጥ ያለና ወደ ሌላ የሚጋባ ነገር ነው። የፒኬዩ ጂን ተሸካሚ ጤነኛ ሰው ነው። የሚያጋባው ነገር የለም።

ምጣድ አስቡ። ምጣዱ ጂኑ ነው፤ ሁላችንም ሁለት ምጣድ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ሊጡ ፌኒልአላኒን የሚባል፣ ሰውነት ሊለውጠው የሚገባ ንጥረ ነገር ነው፤ ከምንበላው ፕሮቲን ይመጣል። አንዱ ምጣድ ቢሰነጠቅ ሌላው ቤቱን ያበላል። ባለቤቱ መሰንጠቁን ሳያውቅ ሊያረጅ ይችላል። ተሸካሚ ማለት ይኸው ነው። ሁለቱም ምጣዶቹ የተሰነጠቁበት ልጅ ግን ሊጡ አይጋገርለትም። ቡሃቃው ሞልቶ ይፈሳል። የሚጎዳው ደግሞ አንጎሉ ነው።

ስለዚህ ሊጡን እንቀንሳለን። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር ይቀራሉ። እንጀራም በልክ ነው፤ ጤፍም ፕሮቲን አለው። የጎደለውን ፕሮቲን ልዩ ወተት ይተካዋል። እናቶች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ጡት ነው። ብዙ ጊዜ ማስጣል አያስፈልግም፤ ከልዩ ወተቱ ጋር ተመጥኖ ይሰጣል። መጠኑን የሚወስነው የደም ምርመራው ነው፤ በግምት አይሆንም። ለአንዳንድ ልጆች ምጣዱን የሚያግዝ መድኃኒትም አለ።

ያው መካሪ «አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ይሆናሉ» ብሎም ነበር። አይሆኑም! ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ያለፈው ልጅ ለሚቀጥለው አይቆጠርለትም። ምጣዱ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይመረጣል። «ከእናቱ ወገን ነው የመጣው» የሚሉ ዘመዶችም ይህን ይወቁልኝ፤ በፒኬዩ አንዱ ምጣድ ሁልጊዜ ከአባት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ የዘር በሽታ አይሠራም። ኦቲሲ በሚባለው፣ አሞኒያ ደም ውስጥ በሚያከማቸው በሽታ፣ ተሸካሚዋ እናት ራሷም ልትታመም ትችላለች፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ። እዚያ «ተሸካሚ ጤነኛ ነው» ብሎ መሸኘት አደገኛ ነው። የፒኬዩ ተሸካሚ ግን መድኃኒትም ልዩ ምግብም አያስፈልጋትም።

የልጁ ጤነኛ ታላቅ እህትስ? ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ሁለት ሦስተኛ ነው። ብዙ ወላጆች ዛሬውኑ ትመርመርልን ይላሉ። እኔ ቆዩ እላለሁ። ውጤቱ በልጅነቷ ምንም አይለውጥላትም። አድጋ ልጅ መውለድ ስታስብ ራሷ ትጠይቅ።