ሃይድሮጄል ድሬሲንግ (የቁስል መሸፈኛ) ምንድን ነው? ለስኳር ቁስልስ ምን ይጠቅማል?

ጎንደር ላይ እግሩ የቆሰለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ክፈተው አየር ይግባው፣ ይድረቅ" የሚል ነው፣ አራዳም ጠይቅ አዘዞም ያው ነው። ግን በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ አሳማዎች ላይ ሲሞክረው የተሸፈነውና እርጥብ ሆኖ የቆየው ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ አበጀ። አዲሱ ቆዳ በእርጥብ ነገር ላይ ቶሎ ነው የሚስፋፋው፣ ቅርፊት ከያዘ ግን በስሩ ዞሮ መሄድ አለበት።

ሃይድሮጄል እንግዲህ ይሄን እርጥበት የሚጠብቅ ነገር ነው። ውሃ የሚወዱ ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ መረብ ተያይዘው ውሃውን መሃላቸው ይይዙታል፣ ራሳቸው ግን አይሟሙም፣ ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ የሆነም አለ። ተልባ ሳይፈጭ ውሃ ውስጥ ሲያድር ፍሬውን የሚከበው ዝልግልግ ነገር አለ አይደል፣ እሱ ራሱ ሃይድሮጄል ነው (ቁስል ላይ አድርጉት አላልኩም!)። ለድሬሲንግ የሚሰራው በቱቦ ወይም በስስ ሉህ ይመጣል፣ ያቀዘቅዛል፣ የደረቀውን የሞተ ሥጋ አርሶ እንዲላቀቅ ያደርጋል፣ ሲነሳም አይጣበቅም።

የስኳር ቁስል ግን በእርጥበት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ስኳር ነርቩን ስለሚጎዳው እግሩ ይደነዝዛል፣ ቤተክርስቲያን ደግሞ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፣ በቀትር የጋለ ድንጋይ ረግጦ ማታ ካልሲው ሲርስ ነው ሰውየው መቃጠሉን የሚያውቀው። ከዛ ደም ስሩ ጠቧል፣ ነጭ የደም ሴሉም ደክሟል፣ ጀርሙ ተጋግሮ ይቀመጣል፣ ቁስሉ ራሱ የሚያመነጨው ኢንዛይም ደግሞ አዲስ የበቀለውን ሥጋ መልሶ ይበላዋል። ወራት የሚቆየው ለዚህ ነው።

አሁን የሚሰሩት አዳዲስ ጄሎች እዚህ ጋ ነው የሚገቡት። ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ ካይቶሳን፣ ከባህር አረም የሚወጣ አልጂኔት፣ ወይ ጄላቲን ወስደው መረቡ ውስጥ ብር (ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ) ወይ አንቲባዮቲክ ወይ ሴል እንዲያድግ የሚያዘውን ፕሮቲን ይጨምሩበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ስኳር ሲበዛ መረቡ ላልቶ መድሃኒቱን ይለቃል፣ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ከዚህ ዘር ቀደም ብሎ ገበያ የገባም አለ፣ ሴል እንዲያድግ የሚያዝ ፕሮቲን ያለበት ቤካፕለርሚን የሚባለው ጄል አሜሪካ ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ሌላው ግን አብዛኛው ገና አይጥ ላይ ነው ያለው፣ የአይጥ ቁስል ደግሞ ቆዳው ተሰብስቦ ነው በዋናነት የሚዘጋው፣ የኛ በተለይ እግር ላይ ሥጋ ሞልቶ ነው፣ ስለዚህ "አይጥ ላይ በሳምንት ዳነ" ሲሉህ ረጋ በል።

ሁሉም ቁስል ላይም አይደረግም። ብዙ ፈሳሽ ያለው ከሆነ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ነጭ አድርጎ ያላላዋል፣ ደም አጥቶ የጠቆረና የደረቀ ጣት ከሆነ ደግሞ ማርጠቡ ራሱ አደጋ ነው። ከታች የቆሰለውን እግር እየረገጡበት ምርጥ ጄል ቢቀባም ከንቱ ነው፣ ጫናው ከላዩ መነሳት አለበት፣ ስኳሩም መስተካከል አለበት። ጄሉ ካልተገኘ በሳላይን (ለህክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) የራሰ ጎዝም ይሰራል፣ ችግሩ ቶሎ ደርቆ ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞት ስለሚመጣ ነርሷ ስትቀይር ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ እንድታርሰው ንገሯት።