ከደጋ ወርዶ በኮራል ሪፍ ላይ መጥለቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለኢትዮጵያ ደጋ ቅርብ ከሆኑት የኮራል ሪፎች (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚገነቧቸው አለት መሰል ክምሮች) መካከል በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚገኙት ይጠቀሳሉ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን፣ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችም ከጅቡቲ ወደብ በጀልባ ብዙ አያስኬዱም። ይህ ቅርበት በስኩባ፣ ማለትም የሚተነፍሰውን አየር በሲሊንደር ተሸክሞ፣ መጥለቅ ለሚፈልግ ሰው መልካም ዕድል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የጠለቃ ምክር የተጻፈው በባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖርና ወደዚያው ለሚመለስ ሰው በመሆኑ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርዶ ወደዚያው ለሚወጣ ሰው እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ደጋ ላይ የሚኖር ጠላቂ ዕቅዱን መጀመር ያለበት ከመመለሻው ቀን ነው፤ ቦታው፣ ጥልቀቱና የሚታየው ዓሣ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛቡ ናቸው።

«ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ነው»

ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው ሲሊንደር በተለምዶ የሚሞላው ተጣርቶ በተጨመቀ ተራ አየር ነው። ከዚህ አየር 21 በመቶው ኦክሲጅን ሲሆን የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን ከ6 ሜትር በታች ሲተነፈስ የነርቭ ሥርዓትን ሊመርዝና ጠላቂውን ውሃ ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ናይትሮክስ የሚባለውና ብዙውን ጊዜ 32 በመቶ ኦክሲጅን ያለው ድብልቅም ቢሆን የ34 ሜትር ያህል የጥልቀት ገደብ ያለው ስለሆነ የራሱን ሥልጠና ይጠይቃል።

ለዕቅዱ ዋናው ቁም ነገር ግን ናይትሮጅኑ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በሰውነት ላይ የሚያርፈው ግፊት በአንድ ባር (በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር በሚቀራረብ መጠን) ይጨምራል፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን ደግሞ ሰውነት የማይጠቀምበት ናይትሮጅን በደምና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ጠላቂው በዝግታ ሲወጣ ይህ ጋዝ በሳንባ በኩል ቀስ እያለ ይወገዳል፤ በፍጥነት ከወጣ ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚታየው አረፋ ይሠራል። በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆሞ መተንፈስ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጠለቃው የሚያበቃው ከውሃው ሲወጡ ነው»

ከውሃ የወጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ናይትሮጅኑ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ከፍታ ቦታ መውጣት ግፊቱን እንደገና ስለሚቀንሰው፣ ባሕር ዳር ላይ ምንም ጉዳት ያላደረሰው ቅሪት አረፋ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም ዳን የሚሰጠው ምክር፣ ደረጃ በደረጃ ቆሞ መውጣትን ያላስገደደ አንድ ጠለቃ ብቻ ያደረገ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በአንድ ቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ነው። ምክሩ የተዘጋጀው የአውሮፕላኑ ክፍል ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ግፊት እንደሚይዝ ታሳቢ በማድረግ ነው።

የእኛ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ዱባይ የሚበር ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል። ቦሌ ላይ የሚያርፍ ሰው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በሆነበት ቦታ ይቀራል፤ እዚያው ያድራል፣ በማግስቱም ሥራ ይገባል። ቤቱ እንጦጦ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ምክሩ ታሳቢ ካደረገው ከፍታ በላይ ይወጣል። ስለዚህ 18 ሰዓቱን እንደ መነሻ እንጂ እንደ በቂ መጠን ባናየው ይሻላል፤ በእኔ አመለካከት ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት መተው ተገቢ ነው። ለምሳሌ ለጥቂት ቀናት ሲጠልቅ የቆየ ሰው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከውሃ ቢወጣ፣ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነሣ አውሮፕላን ልክ 18 ሰዓቱን ይሞላል። ትኬቱ የተቆረጠው ለዚያው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሆነ ግን 25 ሰዓት ይሆናል። ትኬቱ ጠዋት ከሆነና የማይቀየር ከሆነ፣ ሊቀር የሚገባው የሐሙሱ ጠለቃ ነው።

በባቡር ወይም በመኪና መመለስ ከዚህ ስሌት ነጻ ያወጣል የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። መንገዱ ቀስ ብሎ መውጣቱ ጥቂት ሰዓታት ይጨምራል እንጂ የሚደረስበትን ከፍታ አይቀንስም። ድሬዳዋ እንኳ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ ከተማ ብዙም ሳይርቁ የሚገኙት የአርታ ተራሮችም ከ600 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ለነፋሻ አየር ወደዚያ መውጣት የብዙ ጎብኚ ፍላጎት ቢሆንም፣ ለሌላ ቀን ቢቀጠር ይበጃል።

«የደጋ ሰው ሳንባው ጠንካራ ስለሆነ አይጎዳም»

ከፍታ ላይ የኖረ ሰውነት የተላመደው ከኦክሲጅን እጥረት ጋር ነው፤ ይህ መላመድ ናይትሮጅን እንዳይሟሟ ወይም አረፋ እንዳይሠራ የሚያደርገው ነገር የለም። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ወጣትም ቢሆን የሰዓቱ ገደብ አይነሣለትም። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው «ዋና የማይችልም ሲሊንደር ካለው ይጠልቃል» የሚለው አባባል ነው። መሠረታዊውን የጠላቂነት የምስክር ወረቀት የሚሰጡት ታዋቂ ተቋማት በአብዛኛው 200 ሜትር ያህል መዋኘትንና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍን ይጠይቃሉ። ፍጥነት አይለካም፤ መረጋጋት ግን ይታያል። በመሆኑም በአዲስ አበባ የመዋኛ ገንዳ የሚጠፋው ጊዜ ከጉዞው ዕቅድ የመጀመሪያው ክፍል መሆን አለበት።

«አንድ ሲሊንደር ለአንድ ሰዓት ይበቃል»

ሲሊንደር በሰዓት አይለካም። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው 50 ባር፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ የጠለቃ ጓደኛው አየር ቢያልቅበት ወይም መውጣት ቢዘገይ የሚያስፈልግ መጠባበቂያ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ለዕቅድ የሚቀረው 1,800 ሊትር ነው። በውሃው ወለል፣ ማለትም በላይኛው ገጹ፣ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ የተረጋጋ ሰው 10 ሜትር ላይ 40 ሊትር፣ 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር፣ 30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ ያው ሲሊንደር በ10 ሜትር ለ45 ደቂቃ፣ በ20 ሜትር ለ30 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ደግሞ ለ22 ደቂቃ ያህል ይሆነዋል፤ መውረጃውና መውጫውም የሚታሰበው ከዚሁ ውስጥ ነው። ጀማሪ ወይም የፈራ ሰው ከዚህ በጣም የሚበልጥ አየር ስለሚተነፍስ፣ የቡድኑ ዕቅድ የሚሠራው ብዙ አየር በሚወስደው አባል ልክ ነው። ጀልባው ላይ እያሉ የግፊት መለኪያው መርፌ ስንት ባር ላይ ሲደርስ ለመሪው በእጅ ምልክት እንደሚነገር፣ ስንት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም መውጣት እንደሚጀምር በቁጥር መስማማት ያስፈልጋል።

«ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ሪፉ ይበልጥ ያምራል»

ሪፉን የሚገነቡት ኮራሎች በአካላቸው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ የሚያገኙ ናቸው፤ አልጌዎቹ ደግሞ ያለ ፀሐይ ብርሃን አይኖሩም። በዚህም ምክንያት የሪፉ ሕይወት በብዛት የሚገኘው ከላይ ባሉት 20 እና 30 ሜትሮች ውስጥ ነው። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ውሃ ቀይ ብርሃንን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሚውጠው፣ 5 ሜትር ላይ በቀይና በብርቱካናማ ቀለም የሚያበራ ኮራል 25 ሜትር ላይ ያለ ባትሪ መብራት ሲታይ ግራጫና ሰማያዊ ይመስላል። ጥልቀት የሚጨምረው ግን ብዙ ነገር አለ፤ አየሩ ቶሎ ያልቃል፣ ናይትሮጅኑ ይከማቻል፣ ወደ 30 ሜትር ገደማ ሲደረስ ደግሞ ያው ናይትሮጅን እንደ ስካር ያለ የማመዛዘን ድክመት ማምጣት ይጀምራል። ጀማሪዎች በ18 ሜትር፣ ተጨማሪ ሥልጠና ያላቸው በ30 ሜትር፣ የመዝናኛ ጠለቃ በአጠቃላይ በ40 ሜትር የሚገደበው በከንቱ አይደለም። በግብፅ ዳሃብ ከተማ አጠገብ ባለው ብሉ ሆል፣ ከ50 ሜትር በታች የሚገኘውን የድንጋይ ቅስት ለማለፍ ሲሉ ብዙ ጠላቂዎች ሞተዋል፤ የዚያው ቦታ ኮራልና ዓሣ ግን ለውሃው ወለል በቀረበው የሪፉ ጠርዝ ላይ በማስክ ብቻ ይታያል።

«ዋናው አደጋ ሻርክ ነው»

ጠላቂን ከሻርክ ይልቅ የሚጎዳው ትንፋሹን ይዞ መውጣቱ ነው። 10 ሜትር ላይ ሳንባን የሞላ አየር የውሃው ገጽ ላይ ሲደረስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ መውጫ ካላገኘ ሳንባን ይቀድዳል፣ ይህም በጣም ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ጭምር ይደርሳል። ጉንፋን ይዞት የጆሮውን ግፊት ማመጣጠን የማይችል ሰውም ቀኑን መተው አለበት፤ መድኃኒት ወስዶ መውረድ፣ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሳለ ኃይሉ ሲያልቅ በመውጫው ላይ ያስቸግራል።

ጅቡቲን ታዋቂ ያደረገው ዌል ሻርክ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም፣ ምግቡ ፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) እና ትናንሽ ዓሦች ናቸው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚታየው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እርሱን ለማየት ሲሊንደር ያስፈልጋል የሚለው ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ የሚመገበው ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ ማስክ፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይበቃሉ። ይህ ለደጋ ተመላሽ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የውሃው ገጽ ላይ እየዋኙ ማየት ናይትሮጅን ስለማይጨምር፣ የስኩባ ጠለቃዎቹን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አድርጎ ዌል ሻርኩን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት ይቻላል። የመጠበቂያው ቀን በዚህ መንገድ ባዶ ሆኖ አያልፍም።

«መሪውና ኮምፒዩተሩ ያቅዱልኛል»

የጠለቃ ኮምፒዩተር ጥልቀትንና ጊዜን ቆጥሮ ገደቡን ያሳያል፤ ጠላቂው እንቅልፍ ማጣቱን፣ ውሃ አለመጠጣቱንም ሆነ ነገ ወደ ደጋ መውጣቱን አያውቅም። መሪውም ቢሆን የቦታውን የውሃ ፍሰት ያውቃል እንጂ የእንግዳውን ልምድ የሚያውቀው ሲነገረው ነው። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያገናኘው በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ መግቢያ ያሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች በሕይወት የተሞሉ ቢሆኑም የውሃው ፍሰት ኃይለኛ ነው፤ በሙሻ አካባቢ ገና መጥለቅ የተማረ ሰው ለእነርሱ ዝግጁ አይደለም።

«ኮራል ድንጋይ ስለሆነ ቢቆሙበት ምንም አይሆንም»

ጠንካራው ክፍል በሕይወት ያሉ ጥቃቅን እንስሳት የሠሩት አጽም ነው፤ እንስሳቱ በላዩ እንደ ስስ ቆዳ ተዘርግተው ይኖራሉ። ክብ ሆነው የሚያድጉት ዝርያዎች በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጨምሩ፣ በአንድ የእግር መቅዘፊያ ምት የተሰበረው የብዙ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመስጠም እንዲረዳ በወገብ የሚታጠቀው ክብደት ልክ መሆኑን አስቀድሞ አሸዋማ ቦታ ላይ መፈተሽ የዕቅዱ አካል ነው፤ ክብደት የበዛበት ጠላቂ እግሩ ወደ ታች እየተንጠለጠለ ሪፉን ሳያውቅ ይረግጣል።

«ቁርጥማት ከመጣ ተመልሶ መጥለቅ ያድናል»

ከጠለቃ በኋላ በትከሻ፣ በክርን ወይም በጉልበት የሚሰማ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም የቆዳ ሽፍታ የግፊት መቀነስ ሕመም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ ሲጀምር የጉዞ ድካም ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ መዘግየት ጉዳቱን ያብሳል። ተመልሶ ወደ ባሕር መውረድ ተጨማሪ ናይትሮጅን ይጭናል እንጂ አያክምም። የመጀመሪያው ርዳታ ሕመምተኛውን አስተኝቶ ንጹሕ ኦክሲጅን መስጠት ሲሆን፣ ሕክምናው የሚሰጠው ግፊቱ በሐኪም በሚመራ ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የጠለቃ ድርጅት ከመምረጥ በፊት ጀልባው ላይ ኦክሲጅን መኖሩን፣ በቅርብ ያለው የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነና ሥራ ላይ መሆኑን፣ የጉዞ መድኅኑም የስኩባ አደጋን የሚሸፍን መሆኑን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ጠለቃ ጥልቀት፣ የቆይታ ጊዜና ከውሃ የተወጣበት ሰዓት የተመዘገበበት ወረቀትም ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነዚህ ነው።