የባጃጅ ሞተር ቡሽ፦ በየሰፈሩ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ባጃጅ የያዘ ሰው ከቡሽ ጋር መተዋወቁ አይቀርም፤ ኮብልስቶኑ ያስተዋውቀዋል። የማወራው ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ስለሚያያይዘው፣ በሁለት የብረት ቱቦዎች መሀል ላስቲክ ስላለው ቡሽ ነው። ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ የሚያበላሹት ግን ስለ እሱ የሚወሩት ወሬዎች ናቸው።

«ያለ ፕሬስ (ያለ መጫኛ ማሽን) አይገባም።»
ይገባል። ረጅም ብሎን ከነዳዶው፣ ወፋፍራም ሮንዴላና ሁለት የቧንቧ ቁራጭ ይበቃሉ። አንዱ ቁራጭ የቡሹን የውጭ ብረት ብቻ ይገፋል፤ ላስቲኩን መንካት የለበትም። ሌላው ሰፋ ያለ ሆኖ በማዶ በኩል የቡሹ ቤት ላይ፣ ማለትም ቡሹ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ላይ፣ ይደገፋል። ብሎኑን በመሀላቸው አሳልፈህ ዳዶውን ስታጠብቅ ቡሹ ራሱ እየተሳበ ይገባል። ብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን፤ ተራው ይለመጣል። ጥርሱን ግራሶ ቀባው፣ በየሁለት ዙሩም ጎንበስ ብለህ መጣመም አለመጣመሙን እይ።

«በመዶሻ ቀስ እያሉ ቢመቱትም ያው ነው።»
ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ሲመታ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአንድ በኩል ትንሽ ነበር የቀረው። በሌላው በኩል ግን ገና ግማሹ ውጭ ነው። የቡሹ ከንፈር ተጠቅልሏል፣ ቤቱም ተፍቋል። ይባስ ብሎ መሀለኛውን ቱቦ ነበር የሚመታው፣ ላስቲኩ ከብረቱ ተላቋል። አዲስ ቡሽ፣ በአንድ ጠዋት!

«ፍሪዘር ውስጥ ካሳደርከው በጣትህ ይገባል።»
35 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ብረት ከ25 ዲግሪ ወደ −18 ሲወርድ የሚያንሰው 0.02 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ቤቱ አልሙኒየም ከሆነ የፈላ ውሃ ብታፈስበት የበለጠ ታተርፋለህ፤ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆንን ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽሮ ያበስላል እንጂ አልሙኒየም አይጎዳም። ቤቱ ብረት ከሆነ ግን የምታተርፈው ግማሹን ያህል ነው።

«ዘይት ወይም ግራሶ ቀብተህ አስገባው።»
ብሎኑን እንጂ ላስቲኩን አይደለም። የተፈጥሮ ላስቲክ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል። የሳሙና ውሃ በቂ ነው፤ ሲደርቅም ቡሹን አንሸራታች አያደርገውም። ወሬው የመጣው ከሌላ ቡሽ ይመስለኛል፤ አንዳንድ የሞተር ማስነሻ የነሐስ ቡሾች ከመግባታቸው በፊት ዘይት ውስጥ ይነከራሉ። የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ቡሽ ከሆነ ግን ቤት አትሞክረው። ሲገባ ውስጡ ይጠባል፣ በልኩ መስፋት አለበት፣ የዘይት ቀዳዳውም መግጠም አለበት። ቶርኖ ቤት ውሰደው።

«አሮጌውን ማቃጠል ይቀላል።»
ጭሱ መርዝ ነው፣ እሳቱም አልሙኒየም ያለሰልሳል። የሰጌቶ ምላጭ ፈትተህ በቀዳዳው አሳልፈህ መልሰህ እሰረውና የውጭውን ብረት ሰንጥቀው፤ ቤቱን እንዳትነካ ብቻ።

«ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው።»
ጥንካሬው ነው ችግሩ። ንዝረቱን ሳይውጥ ለሻንሲውና ለተሳፋሪው ያስተላልፈዋል።

«ብሎኖቹን አጥብቀህ ክሪኩን አውርድ።»
ተቃራኒው ነው። ሞተሩ በክሪክ ተነስቶ ሳለ ካጠበቅክ፣ ክብደቱ ሲያርፍ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። በእጅ ብቻ አስይዝ፣ ክሪኩን አውርድ፣ ሞተሩን ትንሽ አስነስተህ ቦታውን ይያዝ፣ አጥፋው፣ ከዚያ አጥብቅ። በማግስቱ ሥራ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ በቁልፍ ነካ አድርጋቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር መሄዱ አይቀርም።